በቱቢንገን ዙሪያ ያሉ መንደሮች፦ የትኛው ይታይ፣ የትኛው ይቅር

በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በኔካር ወንዝ ዳር የምትገኘው ቱቢንገን፣ «ጢማሙ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው መስፍን ኤበርሃርድ በ1477 ዩኒቨርሲቲ ካቋቋመባት ጊዜ አንሥቶ የተማሪና የመምህር ከተማ ሆና ኖራለች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊጎበኛት የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት በባቡር ደርሶ የገበያውን አደባባይ፣ በኮረብታው ላይ ያለውን ግንብና በወንዙ ዳር የተደረደሩትን ባለ ቀለም ቤቶች ያያል፤ ምሳውን ይበላና ከሰዓት በኋላ ወደ ሽቱትጋርት ይመለሳል። ከተማዋ ለግማሽ ቀን የሚበቃ ነገር እንዳላት አልክድም። ነገር ግን ዓመታት ኖሬባት እንደተረዳሁት፣ የቱቢንገን ዋናው ሀብት በእግር፣ በአውቶቡስ ወይም በአጭር የባቡር ጉዞ በሚደረስባቸው ዙሪያዋን በከበቧት መንደሮች ውስጥ ነው። ከነዚህም መካከል አንዱ፣ የጉብኝት መጻሕፍት እምብዛም ስሙን የማያነሡት፣ አማርኛ ለሚያነብ ሰው ከሁሉም በፊት ሊታይ የሚገባው እንደሆነ አምናለሁ። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ሌሎቹ ያየሁትንና የፈረድሁትን ልናገር።

በውበት የሚቀድመው ቤበንሃውዘን ነው። መንደሩ ከከተማው በስተ ሰሜን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሾንቡኽ በሚባለው ሰፊ ደን አፋፍ ላይ ይገኛል፤ ከ1974 ጀምሮም በአስተዳደር የቱቢንገን አካል ሆኗል። መንደሩን የወለደው ገዳሙ ነው። የቱቢንገኑ መስፍን ሩዶልፍ በ1183 ገደማ አቋቋመው፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በሲስተርሲያን ሥርዓት በሚተዳደሩ መነኮሳት እጅ ገባ። እነዚህ መነኮሳት ጌጥን የሚሸሹ፣ ከፍ ያለ የድንጋይ ደወል ግንብ እንዳይሠሩም በሥርዓታቸው የተከለከሉ ስለነበሩ፣ ደወላቸውን የሚሰቅሉት በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጀርባ ላይ በምትቆም ትንሽ ማማ ውስጥ ነበር። በቤበንሃውዘን ከ1407 እስከ 1409 የተሠራችው ማማ ግን ሥርዓቱን ጠብቃም ጌጥ ሆናለች፤ ድንጋዩ ተፈልፍሎ ተፈልፍሎ ሰማዩ በውስጡ ስለሚታይ፣ ከግቢው ሆኜ ቀና ብዬ ባየኋት ቁጥር ትዝ የሚለኝ ብርሃን በቀዳዳዎቹ የሚያልፍበት የመጾር መስቀል ነው።

በውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው በ1335 የተሠራው የበጋ መመገቢያ አዳራሽ ነው። ቀጫጭን ዓምዶቹ ወደ ላይ ከወጡ በኋላ እንደ ዘንባባ ቅርንጫፍ ይበታተኑና ጣሪያውን ይሸከማሉ፤ አዳራሹ ባዶ ስለሆነም የገቡበት ሰው ሳይነገረው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከሃይማኖት ተሐድሶው በኋላ ገዳሙ ለብዙ ዘመን ለክህነት የታጩ ልጆች የሚሰለጥኑበት ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከ1807 ወዲህ ደግሞ የቩርተምበርግ ነገሥታት የአደን ማረፊያቸው አደረጉት። የመጨረሻው ንጉሥ ዳግማዊ ቪልሄልም በ1918 ዙፋናቸውን ከለቀቁ በኋላ ኑሯቸውን እዚሁ አድርገው በ1921 አረፉ፤ ባለቤታቸው ንግሥት ሻርሎተም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ማለትም እስከ 1946፣ ከዚያው አልወጡም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳዮች ይዞታ ሥር ቱቢንገንን ዋና ከተማው አድርጎ የተቋቋመው ትንሽ ግዛት ምክር ቤቱን ከ1947 እስከ 1952 ያካሄደው በዚሁ ገዳም ነው። ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ዘመን መነኩሴ፣ ተማሪ፣ ንጉሥና የሕዝብ እንደራሴ የተፈራረቁበት አንድ ግቢ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዞሮ ማየት የሚቻልበት ሌላ መንደር በዚህ አካባቢ አላውቅም።

ለሚሄድ ሰው የምመክረው የገዳሙን ክፍል በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ እንዲያይ፣ የቤተ መንግሥቱ ክፍል ግን የሚታየው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ስለሆነ የጉብኝቱን ሰዓት አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ነው። እኔ የገባሁበት ገለጻ በጀርመንኛ ብቻ ስለነበር ቋንቋውን ለማያውቁት ጓደኞቼ በሹክሹክታ እያስተረጎምሁ ነው የጨረስሁት፤ ለእንዲህ ያለ ሰው የገዳሙ ክፍል ብቻውን በቂው ነው እላለሁ። ከዚያ ወጥቶ በጎልደርስባኽ ሸለቆ ወደ ደኑ መግባት ይገባል። ሾንቡኽ 156 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን በ1972 የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር የመጀመሪያው የተፈጥሮ ፓርክ ተብሎ ተሰይሟል። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ትልቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራበት ታስቦ እንደነበር ሳስታውስ፣ ያንን እቅድ ለተቃወሙት ሰዎች ምስጋናዬ ይበዛል። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሕፃን በጋሪ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ በመከር ወራት ከቀትር በኋላ ዘግየት ብሎ የሄደ ሰው ደግሞ የቀይ አጋዘኖቹን ጩኸት ከሩቅ ይሰማል።

ሁለተኛው ቩርምሊንገን ነው። መንደሩ ራሱ የሮተንቡርግ ከተማ አካል ሲሆን ብዙ የሚያስቆም ነገር የለውም፤ የሚያስኬደው ከበላዩ ባለው 475 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው የቅዱስ ሬሚጊዩስ ጸሎት ቤት ናት። ከቱቢንገን ግንብ ተነሥቶ ሽፒትስበርግ በሚባለው ተረተር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሲሄዱ፣ ዛፎቹ ድንገት ያበቁና ጸሎት ቤቷ ከፊት ብቻዋን ትታያለች። በዚህ በኩል መሄድ ከመንደሩ ሽቅብ ከመውጣት ይሻላል፤ መድረሻውን እያዩ መሄድ ድካምን ያስረሳልና።

ከሁለት ዓመት በፊት በግንቦት ወር አክስቴ ከፍራንክፈርት ሊጠይቁኝ መጥተው በዚህ መንገድ ይዣቸው ሄድሁ። ነጠላቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ደከመኝ ሳይሉ፣ ከእኔ ፊት ፊት ነበር የሚሄዱት። ኮረብታው ጫፍ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። እኔ ቅር ብሎኝ መግቢያ ሰዓቱን ከማስታወቂያው ላይ ሳነብ፣ እርሳቸው ጫማቸውን ከደፉ አውልቀው በባዶ እግራቸው ቆመው የበሩን መቃን ሲሳለሙ አየሁ። ከዚያም በግንብ አጥሩ ውስጥ ያሉትን መቃብሮች ዞረው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼማ የእኛ አገር ደብር ነው፤ ተራራ ላይ፣ ሙታኖቹን በዙሪያው አቅፎ» አሉኝ። ለእኔም ቦታው ከዚያ በፊት ያልነበረው ትርጉም ያገኘው በዚያ ንግግራቸው ነው። የአሁኑ ሕንጻ ከ1644 ቃጠሎ በኋላ በዚያው ክፍለ ዘመን መገባደጃ እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ዋሻ መሰል ጸሎት ቤት ግን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን የቀረ ነው። ውስጡን ማየት የሚፈልግ ሰው ክፍት የሚሆንበትን ቀን ሳያጣራ እንዳይሄድ አሳስባለሁ። ውጪው ግን ለሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በአንድ በኩል የኔካር ሸለቆ፣ በሌላው የአመር ሸለቆ፣ ከፊት እንደ ሰማያዊ ግድግዳ የተዘረጋው የሽዌቢያ ተራራ፣ ቀኑ ከጠራ ደግሞ በስተ ደቡብ የሆሄንሶለርን ቤተ መንግሥት በሾጣጣ ተራራው ላይ ይታያል። ከእግር በታች ያለው ቁልቁለት ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ የተደገፈ የወይን እርከን ነው፤ ኮንሶን ያየ ሰው እርከኑን ሲያይ እጁ የለፋውን ገበሬ ያስባል።

በመመለሻ መንገድ ሽቬርትስሎኽ የሚባል ጥንታዊ የእርሻ ግቢ አለ፤ መንደር ለመባል ያንሳል፣ ነገር ግን ማለፍ አይገባም። የድሮው ጸሎት ቤት ከነድንጋይ ቅርጹ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ በግቢው ካሉት ዛፎች ሥር ተቀምጦም ከአካባቢው ፖም የተጠመቀውን «ሞስት» የተባለውን መጠጥ መጠጣት ይቻላል። ሞስት ቀለሙ ከጠጅ፣ ኮምጣጣነቱ ግን ከቆየ ጠላ ይቀርባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፣ በሁለተኛው ብርጭቆ ግን ይለምደዋል።

ስለ መጠጥ ካነሣሁ ኡንተርየዚንገንን መጥቀስ አለብኝ። ወደ ሄረንበርግ በሚሄደው፣ ለዓመታት ተዘግቶ በ1999 እንደገና በተከፈተው የአመር ሸለቆ ባቡር ከከተማው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚርቅ የወይን ገበሬዎች መንደር ነው። እዚህ «ቤዘን» የሚባል ልማድ አለ፤ ቃሉ መጥረጊያ ማለት ነው። ገበሬው የራሱን የወይን ጠጅ በራሱ ቤት መሸጥ ሲጀምር ደጃፉ ላይ መጥረጊያ ይሰቅላል፤ ሲያልቅበት ያወርደዋል። በእኛ አገር በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ «ጠላ አለ» እንደምትለው መሆኑ ነው። ሕጉ እንዲህ ያለው ቤት በዓመት ከ4 ወር በላይ እንዳይከፈት፣ ከ40 በላይ መቀመጫም እንዳይኖረው ስለሚደነግግ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ይቀመጣል፤ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ መጋራት ግዴታ ነው። ጀርመኖች ከእንግዳ ጋር አይጫወቱም የሚል ሰው ካለ አንድ ምሽት እዚያ ወስጄ ባስቀመጥሁት ደስ ይለኛል። ከመሄድ በፊት ግን መጥረጊያው መሰቀሉን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባልተከፈተበት ወቅት መንደሩ ጸጥ ያለ መኖሪያ ሰፈር ብቻ ነው።

ስለ ምግቡ ለጾመኛ የሚሆን ምክር አለኝ፤ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ ተሳስቼበታለሁና። የዚህ አገር የድንች ሰላጣ ማዮኔዝ የሌለው፣ በዘይትና በኮምጣጤ የተለወሰ ስለሆነ ላየው ሰው የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን ድንቹ ትኩስ እንዳለ የሚረጥበው በሥጋ መረቅ ነው። ምስር ከሽፔትስለ ጋር የአካባቢው ተወዳጅ ምግብ ነው፤ ምስሩ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ጮማ ጋር ይቀቀላል፣ ሽፔትስለውም ከእንቁላል የሚሠራ ሊጥ ነው። ማውልታሸ የተባለው ጥቅል ሊጥ ደግሞ በቆስጣና በተፈጨ ሥጋ የተሞላ ነው። አሳላፊዎቹ በግልጽ ሲጠየቁ በግልጽ ይመልሳሉ፤ ስለዚህ «ሥጋ አለው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ተቀቀለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሌላው ችግር ሰዓት ነው። በአንዱ መንደር፣ ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው ምግብ ቤት፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ደርሰን «ወጥ ቤቱ ተዘግቷል» ተብለን በረሃብ ተመልሰናል፤ እሑድ ስለነበር የሚቀጥለውን አውቶቡስ አንድ ሰዓት ጠበቅነው። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ቆሎና ውኃ ሳልይዝ ወደ መንደር ወጥቼ አላውቅም።

ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከሾንቡኽ ማዶ ያለችው ቫልደንቡኽ ትመቻለች፤ አራት ማዕዘኑ የሪተር ሽፖርት ቸኮሌት የሚሠራው እዚያ ስለሆነ ልጆቹን ለማስደሰት አያስቸግርም። ሮተንቡርግ በሮማውያን ዘመን ሱሞሎኬና ትባል የነበረች የጳጳስ መንበር ያላት ከተማ ናት፤ ደግ ናት፣ ግን መንደር አይደለችም። ሂርሻውና ኪልኽበርግ በብስክሌት ሲያልፉ ደስ ይላሉ እንጂ ለእነርሱ ብሎ መነሣት አያስፈልግም።

ሜሲንገን ግን ሌላ ነገር ነው። ከቱቢንገን በስተ ደቡብ በተራራው ግርጌ፣ በፖምና በፒር ዛፎች መስክ ተከብባ የምትገኘው ይህች ቦታ ሁለት ታሪኮች አሏት። አንደኛው የመሬት ነው፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1983 ከበላይዋ ያለው ተራራ ተደርምሶ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል አፈርና ድንጋይ ከነደኑ ወደ ታች ተንሸራተተ። ሰው አልሞተም። ዛሬ ነጩ ቁስል ከሩቅ ይታያል፤ በናደው መሬት ላይ የበቀለውን አዲስ ደን እያዩ መሄጃም መንገድ አለው። ሁለተኛው የሰው ነው፤ ሂትለር መራሔ መንግሥት በሆነ በማግሥቱ፣ ጥር 31 ቀን 1933፣ በመላው ጀርመን የተጠራውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ከልቧ የፈጸመችው ያኔ መንደር የነበረችው ሜሲንገን ናት። 800 ያህል ሰው በጎዳናዋ ተሰለፈ። ፓውዛ የተባለው የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቶች፣ አይሁዳውያኑ የሎቨንሽታይን ወንድማማቾች፣ ሠራተኞቻቸው ድምፅ ሰጥተው ሲወስኑ ከሰዓት በኋላውን ፈቀዱላቸው፤ ሌላ ቦታ ያለው ሕዝብ ግን አልተከተለም፣ ሰልፈኞቹም ብዙዎቹ ታሰሩ፣ ወንድማማቾቹም በኋላ ፋብሪካቸውን ተቀምተው ተሰደዱ። በዚያው በቤልዘን መንደር ያለችው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ጸሎት ቤት ግንባሯ ላይ የበሬና የበግ ራስ ተቀርጾባታል፤ ለእርሷም ግማሽ ሰዓት መስጠት ተገቢ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠቀስሁት መንደር ልመለስ። ደረንዲንገን ይባላል። ከሜሲንገን ወደ ቱቢንገን የሚመለሰው ባቡር ከመጨረሻው ፌርማታ በፊት የሚቆምበት፣ ከ1934 ጀምሮ የከተማው ሰፈር የሆነ ቦታ ነው። ቤበንሃውዘንን ካየ በኋላ የሚመጣ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ የመኖሪያ ሕንጻ፣ የአውቶሞቢል መንገድ፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ያለበት ተራ ሰፈር ነውና። የድሮውን መንደር የሚያሳየው የቅዱስ ጋሉስ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የቀሩት ጥቂት የገበሬ ቤቶች ናቸው።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከ1567 እስከ 1586 ያገለገለው፣ መቃብሩም እዚያው ያለው ካህን ፕሪሞዥ ትሩባር ነው። በስሎቬንኛ ቋንቋ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የእርሱ ሥራዎች ናቸው፤ በ1550 ወጡ፤ ዛሬ ስሎቬኒያ በአንድ ዩሮ ሳንቲሟ ላይ ምስሉን ቀርጻለች። ከእርሱ በኋላ ከ2 ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጥር 11 ቀን 1810፣ በዚያው መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ተወለደ። ታሪካችንን ያነበበ ሰው ስሙን ያውቀዋል። በ1837 ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ከዐድዋ ሲባረር በሌላ በር ተመልሶ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ በአንኮበር ተቀመጠ። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ በኦሮምኛም ወንጌልን መተርጎም ጀመረ። ከአገራችን የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ለቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል፤ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተማረው አውግስት ዲልማንም በኋላ የግዕዝን ሰዋስውና ታላቁን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። በ1906 በአክሱም የተካሄደውን ቁፋሮ የመራው ኤኖ ሊትማንም ከ1921 ጀምሮ በዚሁ ከተማ አስተምሯል። ብራናዎቹ በምን መንገድ እንደወጡ፣ ሚሲዮናውያኑ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ምን ይሉ እንደነበር የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ የእኔም ሙሉ በሙሉ ምስጋና አይደለም። ሆኖም የዚህ ሁሉ አንዱ ክር የሚነሣው ከዚህ መንደር ነው።

ከክራፕፍ ሕይወት ውስጥ ደረንዲንገን በሄድሁ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር አለ። ከሸዋ ከወጣ በኋላ አግብቶ፣ ከባለቤቱ ከሮዚነ ጋር በምጽዋ በኩል ተመልሶ ሊገባ ሲሞክር፣ በሾሆዎች ምድር በረሃ ላይ ሴት ልጅ ያለ ጊዜዋ ተወለደችላቸው። ልጅቱ ወዲያው ሞተች። አባትዋ ሲያጠምቃት ያወጣላት ስም ጀርመንኛ አልነበረም፤ በአማርኛ «እንባ» አላት። በቀጣዩ ዓመት ሮዚነም ሌላ ሕፃን በወለደች በቀናት ውስጥ በሞምባሳ አጠገብ ሞተች፤ አራስ ልጅዋም ተከተለቻት።

ወደ ደረንዲንገን ለመድረስ ባቡር መያዝ የግድ አይደለም። በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ የተጀመረውና ከዚያ ወዲህ ዋጋው የጨመረው ወርኃዊ የመላው ጀርመን ትኬት ያለው ሰው በባቡሩም በከተማው አውቶቡስም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሄዳል፤ ለሌላው ግን ከቱቢንገን ባቡር ጣቢያ ጀርባ ተነሥቶ ሽታይንላኽ የተባለውን ወንዝ ሽቅብ መከተል በቂ ነው። ዛፍ የተተከለበት የእግርና የብስክሌት መንገድ አለው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። እኔ የምመርጠው ከምሽቱ በፊት መሄድን ነው፤ ያኔ ከቅዱስ ጋሉስ ደወል በቀር ብዙ ድምፅ አይሰማም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብም የሚያስቀምጥ ቦታ አይጠፋም።